ባር 42 ላይ ያለው ኤፍ ሜጀር፦ የክላሲካል ዘመን ፎርም በኪይና በካደንስ ሲነበብ

የቀረበው ጥያቄ ይህ ነው፦ «ፒያኖ እየተማርኩ ነው። አሁን የማጠናው የሞዛርትን ሲ ሜጀር ሶናታ፣ ኬ. 545ን ነው። በሶናታ ፎርም ሪካፒቱሌሽኑ ሲደርስ የመጀመሪያው ዜማ በመነሻው ኪይ ይመለሳል ተብዬ ተምሬአለሁ። ኖታዬ ላይ ግን ባር 42 በኤፍ ሜጀር ነው። የኅትመት ስህተት ነው ወይስ የተማርኩት ነው የተሳሳተው? የክላሲካል ዘመን ፎርሞችንስ ስሰማቸው እንዴት ልለያቸው?»

ኖታዎ ትክክል ነው። የተማሩትም ለአብዛኛው የዘመኑ ሥራ ይሠራል። የቀረዎት አንድ ነገር ነው፦ ሶናታ ፎርምን የሚያቆሙት ኪዮች (ሙዚቃው የሚያርፍባቸው የድምፅ ማዕከሎች) እና ካደንሶች (ሐረግን የሚያሳርፉ መዝጊያዎች) ናቸው፤ ዜማው የት እንደደረስን ያመለክታል እንጂ ፎርሙን ብቻውን አይሸከምም። ይህን ከያዙ የባር 42 ነገር ይፈታል፤ ሚኑዌቱም ሮንዶውም ኮንቸርቶውም ከዚያው ይከተላሉ። የኖታ ስሞችን በእንግሊዝኛው አጠራር ነው የምጽፈው፦ ሲ በሶልፌጅ ዶ ነው፣ ኤፍ ፋ፣ ጂ ሶል። ባር በኖታው ላይ በሁለት የቁም መስመሮች መካከል ያለው ክፍል ነው፤ «ኬ.» የሞዛርት፣ «ኦፐስ» የቤቶቨን ሥራዎች መለያ ቁጥር ነው። ዓመተ ምሕረቶቹም በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሞዛርት ይህን ሶናታ በራሱ የሥራ መዝገብ ያሰፈረው ጁን 26 ቀን 1788 ቪየና ውስጥ ነው። «ለጀማሪዎች» ብሎ ጽፎበታል፤ በዚያው ቀን ከመዘገባቸው ሌሎች ሥራዎች አንዱ 39ኛው ሲምፎኒው ነው። ሶናታው በሕይወት ሳለ አልታተመም፤ የወጣው በ1805 ነው። ለጀማሪ መሆኑ ጣቶቹን ይመለከታል። በአሠራሩ ግን ከትልልቆቹ አያንስም፤ የመጀመሪያው ሙቭመንት (ራሱን የቻለ የሥራው ክፍል) 73 ባር ብቻ ስለሆነ የዘመኑን ፎርም ከዚህ የተሻለ በጥቂት ገጾች ላይ አጥርቶ የሚያሳይ ሥራ ማግኘት ከባድ ነው።

በመማሪያዎች የምናገኘው «ኤክስፖዚሽን፣ ዴቨሎፕመንት፣ ሪካፒቱሌሽን» (ዜማዎቹ የሚቀርቡበት፣ የሚብላሉበት፣ የሚመለሱበት) የሚለው የሦስት ክፍል ሥዕል ከሞዛርት ሞት በኋላ የጸና ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አዶልፍ በርንሃርት ማርክስን የመሰሉ የጀርመን መምህራን በተለይ የቤቶቨንን ሥራዎች እያዩ፣ ዜማዎቹን መሠረት አድርገው ያስተማሩት ነው። በሞዛርት ዘመን የነበረው ሄንሪክ ክሪስቶፍ ኮኽ ግን ከ1782 እስከ 1793 ባሳተማቸው ጽሑፎች እንዲህ ያለውን ሙቭመንት የገለጸው በሁለት ትልልቅ ክፍሎች ነው። የመጀመሪያው ከቶኒክ (ከመነሻው ኪይ፣ እዚህ ሲ) ተነሥቶ ወደ ዶሚናንት (አምስተኛው ድምፅ ላይ ወዳለው ኪይ፣ እዚህ ጂ) ሄዶ እዚያ ይዘጋል። ሁለተኛው ከዚያ ተነሥቶ በሌሎች ኪዮች ዞሮ በቶኒክ ይዘጋል። በኖታዎ ላይ ያሉት የድግግሞሽ ምልክቶችም ይህንኑ ይናገራሉ፤ ባር 28 ላይ አንድ፣ መጨረሻው ላይ አንድ። ሁለቱም አመለካከቶች ይጠቅማሉ። የመጀመሪያውን ብቻ ይዞ የሄደ ሰው ግን ባር 42 ላይ መደናገሩ አይቀርም፤ የእርስዎም ጥያቄ የመጣው ከዚያ ነው።

እንግዲህ ኖታውን ይክፈቱ። ከባር 1 እስከ 4 ቀኝ እጅ ሲ፣ ኢ፣ ጂ እያለ የሲን ኮርድ (አብረው የሚስማሙ ድምፆች ስብስብ) ዘርግቶ ይጀምራል፤ ግራ እጅ ያንኑ ኮርድ በትኖ ሲ–ጂ–ኢ–ጂ ይላል። ከባር 5 ጀምሮ ስኬሎች (ተከታታይ የድምፅ መሰላሎች) በየባሩ አንድ እርምጃ ዝቅ እያሉ ይወርዳሉ። ባር 12 ላይ ሙዚቃው የጂ ኮርድ ላይ ደርሶ ይቆማል። እዚህ ላይ እርሳስ ይያዙና ክብ ያድርጉበት፤ የሙቭመንቱ ምሥጢር ያለው እዚህ ኮርድ ላይ ነው። ሙዚቃው ገና አልተዘጋም፤ ዶሚናንቱ ላይ ተንጠልጥሎ ነው የቆመው። ግማሽ ካደንስ የምንለው ይህን ነው። ባር 13 ላይ ግራ እጅ ብቻውን ይንቀሳቀሳል፣ ባር 14 ላይ ሁለተኛው ዜማ በጂ ሜጀር ይገባል፤ የዚያው የጂ ኮርድ ድምፆች ናቸው ከላይ ወደ ታች የሚወርዱት።

ልብ ይበሉ፦ ባር 12 ላይ ጂ የሲ ሜጀር ዶሚናንት ነበር። ከአንድ ባር በኋላ ቶኒክ ሆኗል። ሞዛርት ወደ አዲሱ ኪይ የሚያሸጋግር ረጅም መንገድ አልሠራም፤ የቆመበትን ኮርድ በሌላ ስሜት አስቀጠለው እንጂ። ኤፍ ሻርፕ የቤቱ ድምፅ የሚሆነው ከዚህ ወዲህ ነው። ከባር 18 እስከ 21 ሁለቱ እጆች አርፔጂዮ (ድምፆቹ ተራ በተራ የሚመቱ ኮርድ) እየተቀባበሉ ይሄዳሉ፤ ባር 25 ላይ ቀኝ እጅ ኤ ላይ ረጅም ትሪል (ሁለት ጎረቤት ድምፆችን በፍጥነት ማፈራረቅ) ይይዛል፣ ባር 26 ጂ ላይ ይወድቃል። ይህ ሙሉ ካደንስ ነው። የኤክስፖዚሽኑ ዋና መድረሻ ይህች ቅጽበት ናት። ሁለተኛው ዜማ የገባበትን ቦታ ብዙ ሰው ይለያል፤ ትሪሉ የሚወድቅበትን ግን ሳያስተውል ያልፋል። አድማጩ «አዲሱ ኪይ ተረጋግጧል» የሚለው ግን እዚያ ሲደርስ ነው። ከባር 26 እስከ 28 ያሉት ሦስት ባሮች መዝጊያ ብቻ ናቸው።

ዴቨሎፕመንቱ ከባር 29 እስከ 41፣ 13 ባር ነው። የመዝጊያዋን ሐረግ ወስዶ በጂ ማይነር ይጀምራል፤ ቢ ፍላት ሲገባ ብርሃኑ ድንገት ይቀንሳል። ከዚያ የባር 5ቱን ዓይነት ስኬሎች በሁለቱ እጆች መካከል እያመላለሰ በዲ ማይነርና በኤ ማይነር በኩል ያልፋል። አዲስ ዜማ የለም። ዴቨሎፕመንት ማለት የግድ ዜማን ማብላላት ነው ብለው ተምረው ከሆነ እዚህ ብዙ አያገኙም፤ ሥራው ኪዮችን ማለዋወጥ፣ በአንዱም አለመርጋት ነው።

ባር 42። የመጀመሪያው ዜማ ሙሉ በሙሉ ተመለሰ፤ ግን ኤፍ፣ ኤ፣ ሲ እያለ። ለምን? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ሥራ ለማቅለል ነው» የሚል ነው። ምክንያቱም ከሲ ወደ ጂ የሄደውን ኤክስፖዚሽን እንዳለ ወስደው ከኤፍ ቢጀምሩት ራሱ ሲ ላይ ያርፋል፤ ርቀቱ በሁለቱም አንድ ነው፣ ኩዊንት (አምስት ድምፅ) ወደ ላይ። ሹበርት በ1816 በጻፈው 5ኛው ሲምፎኒ የመጀመሪያ ሙቭመንት ውስጥ ሪካፒቱሌሽኑን በዚሁ ዓይነት ኪይ፣ በሰብዶሚናንት (ከቶኒኩ አራተኛው ድምፅ ላይ ባለው ኪይ) ነው የጀመረው። ሞዛርት ግን እንዳለ አልገለበጠም። ባሮቹን ይቁጠሩ። በኤክስፖዚሽኑ ከዜማው መነሻ እስከ ግማሽ ካደንሱ 12 ባር ነው። በሪካፒቱሌሽኑ ከባር 42 እስከ 57፣ 16 ባር ነው። አራት ባር ጨምሯል። በእነዚያ ባሮች ላይ ስኬሉን ግራ እጅ ይረከበዋል፤ ሙዚቃው ከኤፍ ይላቀቅና ባር 57 ላይ ያው የባር 12ቱ የጂ ኮርድ ላይ ያርፋል። እንዳለ ቢገለብጠው ኖሮ ባር 53 ላይ ሲ ኮርድ ላይ ነበር የሚቆመው።

አሁን ክብ ያደረጉበትን ኮርድ ከባር 57 ጋር ያስተያዩት። በመጀመሪያው ዙር ከጂ ኮርድ በኋላ ሁለተኛው ዜማ በጂ ሜጀር መጣ። በሁለተኛው ዙር ከዚያው ኮርድ በኋላ ባር 59 ላይ በሲ ሜጀር መጣ። አንድ በር ነው፣ ሁለት ጊዜ ተከፍቶ ወደ ሁለት ክፍሎች ያስገባል። አራቱ ባሮች የተጨመሩት ወደዚያ በር ለመመለስ ነው። ከባር 59 እስከ 73 ያለው ሁሉ የኤክስፖዚሽኑ ግልባጭ ነው፣ 45 ባር ወደፊት ተገፍቶ። ትሪሉ በባር 25 ምትክ ባር 70 ላይ ይመጣል፤ ዲ ላይ ተይዞ ሲ ላይ ይወድቃል። የቶኒክ መመለስ የሚጸናው እዚህ ነው። የመጀመሪያው ዜማ በኤፍ ቢመጣም ፎርሙ ዋናውን ዕዳውን አልሳተም፤ በዶሚናንት የተሰማው ነገር በሙሉ በቶኒክ ተሰምቷል። ክላሲካል ሶናታ ፎርም የሚጠይቀው የማይቀር ነገር ይህ ነው። የመጀመሪያው ዜማ በቶኒክ መመለሱ በጣም የተለመደ ነው፤ የሁለተኛው መመለስ ግን ግዴታ ነው ለማለት ይቀርባል።

በጣትዎ እንዲያረጋግጡት ሁለት ሙከራ ልስጥዎ። አንደኛው፦ ባር 41ን ከጨረሱ በኋላ ከባር 1 እስከ 12 ያለውን በሲ ሜጀር ይጫወቱና በቀጥታ ወደ ባር 58 ይለፉ። ሕጉን ያከበረ «ትክክለኛ» ሪካፒቱሌሽን ይወጣዎታል። ይሠራል፤ ግን ሲ ሜጀር ቶሎ ስለተገኘ ባር 59 ሲደርስ አዲስ ነገር አይሰማም። ሁለተኛው፦ ከባር 42 ጀምረው ባር 57 ላይ ይቁሙና ጂ ኮርዱን ያዙት። ከዚያ ባር 14ን፣ ቀጥሎም ባር 59ን ይሞክሩ። ሁለቱም ከኮርዱ በኋላ ተፈጥሯዊ ሆነው ይሰማሉ። ይህን በጆሮዎ ከሰሙ በኋላ የትኛውም ሰንጠረዥ አያስፈልግዎትም።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ፣ በጆሮ ስለመለየት። ችግሩ ብዙ ጊዜ የጆሮ ድክመት አይደለም፤ የልምድ ጉዳይ ነው። በእኛ ሙዚቃ ክራሩ በትዝታ ወይም በባቲ ተቃኝቶ ከተጀመረ በኋላ ዘፈኑ እስኪያልቅ በአብዛኛው ቅኝቱ አይለወጥም፤ ጆሯችን የሰለጠነው ዜማው በዚያ ውስጥ የሚያደርገውን ጌጥና መለዋወጥ ለመከተል ነው። ስለዚህ ሶናታ ስንሰማም ዜማውን እንይዛለን፣ ከሥሩ ያለው መሬት ሲንቀሳቀስ ግን ያመልጠናል። መፍትሔው ባሱን መከተል ነው። ቅጂውን ሲከፍቱ የመጀመሪያውን ባስ ድምፅ ሲን ይያዙና በዝግታ ያንጎራጉሩት፤ ሙዚቃው ሲሄድ አይልቀቁት። እስከ ባር 12 ይስማማል፤ ጥቂት ቦታ ይፋጫል፣ ቶሎ ይመለሳል። ከባር 14 በኋላ አልፎ አልፎ ይስማማል። ባር 26 ላይ ግን ጉሮሮዎ ራሱ ወደ ጂ መሄድ ይፈልጋል። ያን ጊዜ ኪዩ ተቀይሯል። በዴቨሎፕመንቱ የሚያርፉበት ድምፅ ያጣሉ። ባር 71 ላይ ሲ ተመልሶ እንደ ልኩ ይቀመጣል። በቀን አሥር ደቂቃ፣ አንድ ሥራ ለአንድ ሳምንት፣ ኖታ ሳያዩ። ሳምንቱ ሲያልቅ ሌላ ሥራ ይቀይሩ።

ዜማን ብቻ መከተል ለምን እንደሚያሳስት የዚያው ዘመን ደራሲ ሃይድን ያሳያል። በ1795 ለንደን ውስጥ የጻፈው የመጨረሻው ሲምፎኒ፣ 104ኛው፣ በዲ ሜጀር ነው። የመጀመሪያው ሙቭመንት አዝጋሚ መግቢያ አለው፤ ፈጣኑ ክፍል ሲጀምር የሚሰማው ዜማ ኪዩ ወደ ኤ ሜጀር ከተቀየረ በኋላም ያው ራሱ ነው ተመልሶ የሚመጣው። «ሁለተኛውን ዜማ» ፈልጎ የሚጠብቅ አድማጭ ሲጠብቅ ይቀራል። የሃይድን ጥያቄ፦ አንድ ዜማ በሌላ ኪይ ሲሰማ ያው ነው ወይ? ይህ ጨዋታ ለእኔ ከዘመኑ ታላላቅ ደስታዎች አንዱ ነው፤ የሃይድንን ብልሃት ከሞዛርት ያነሰ አድርገው የሚያዩ ሰዎች የሚያጡት ይህን ነው።

ሥራው በማይነር ከሆነ ደግሞ ሁለተኛው ኪይ ብዙ ጊዜ ዶሚናንት አይደለም፤ ሪሌቲቭ ሜጀሩ (ያንኑ የድምፅ ስብስብ የሚጋራው ሜጀር ኪይ) ነው። የሞዛርት 40ኛ ሲምፎኒ፣ በ1788 በጋ የተጻፈው፣ ከጂ ማይነር ወደ ቢ ፍላት ሜጀር ይሄዳል። በሪካፒቱሌሽኑ ያ ብሩህ የነበረው ሁለተኛ ዜማ በጂ ማይነር ሲመጣ መልኩ ሁሉ ይለወጣል። እዚህ ፎርሙና ስሜቱ አንድ ነገር ናቸው፤ ሕጉ ራሱ ነው ኀዘኑን ያመጣው። ቤቶቨን ቆይቶ ከዚህ ሁሉ ወጣ ይላል፦ ኦፐስ 53 በሲ ሜጀር ተነሥቶ ሁለተኛውን ዜማ በኢ ሜጀር ያቀርባል።

ኦርኬስትራ ሲሰሙ ሌላ ረዳት አለዎት፦ ትራምፔት፣ ሆርንና ቲምፓኒ። በዚያ ዘመን ሆርንና ትራምፔት ቫልቭ (የድምፅ መቀየሪያ ቁልፍ) አልነበራቸውም፤ የተስተካከሉበትን ኪይ የተፈጥሮ ድምፆች ብቻ ነበር የሚያወጡት። ቲምፓኒውም አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ከበሮ ነው፣ አንዱ በቶኒክ አንዱ በዶሚናንት የተቃኘ። ስለዚህ ሙዚቃው ራቅ ወዳሉ ኪዮች ሲሄድ እነዚህ መሣሪያዎች ይሳሳሉ ወይም ዝም ይላሉ፤ ቶኒክ ሲመለስ አብረው ይገባሉ። የድምፁ መሙላት ራሱ «ተመልሰናል» ይልዎታል። ገደቡ ምን ያህል ከባድ እንደነበር በቤቶቨን 5ኛ ሲምፎኒ የመጀመሪያ ሙቭመንት ይታያል። በኤክስፖዚሽኑ ሁለተኛውን ዜማ የሚያስተዋውቀው ጥሪ በሆርኖች ነው፣ በኢ ፍላት። በሪካፒቱሌሽኑ ያው ጥሪ በሲ ሲመጣ ባሱኖች ናቸው የሚጫወቱት፤ በኢ ፍላት የተስተካከሉት ሆርኖች እነዚያን ድምፆች በግልጽ ማውጣት አይችሉም ነበርና።

ሌሎቹን ፎርሞች ፈጠን ብዬ ልለፋቸው፤ መሠረቱን ስለያዙ አይከብዱም። ሚኑዌት በሦስት ምት ነው፤ ሚኑዌት፣ ትሪዮ፣ እንደገና ሚኑዌት። እያንዳንዳቸው በሁለት የሚደገሙ ክፍሎች የተሠሩ ናቸው፣ ሁለተኛው ክፍል መጨረሻ ላይ የመነሻው ዜማ ይመለሳል። በትሪዮው መሣሪያዎቹ ይቀንሳሉ፣ ድምፁ ይለዝባል። ሚኑዌቱ ሲመለስ ድግግሞሾቹን መተው የቆየ ልማድ ነው፤ አሁን የዘመኑን አጨዋወት የሚከተሉ ብዙዎች ይደግሟቸዋል። ሮንዶ ውስጥ ዋናው ዜማ ሁልጊዜ በቶኒክ ነው የሚመለሰው፣ በየመካከሉ ሌሎች ክፍሎች እየገቡ፤ የእርስዎ ሶናታ ሦስተኛ ሙቭመንት ሮንዶ ነው። ከሶናታ ፎርም ጋር እንዳይምታታብዎት መለያው ይህ ነው፦ በሮንዶ ዋናው ዜማ ኤክስፖዚሽኑ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ሲደርስ እንደገና በቶኒክ ይመጣል፤ በሶናታ ፎርም ግን ሙዚቃው እዚያ ከቶኒክ ውጭ ነው።

ቴማና ቫርያሲዮን ላይ ኪዩ ባብዛኛው አይንቀሳቀስም፤ የባሮቹ ብዛትና የካደንሶቹ ቦታም ያው ነው፣ የሚለወጠው ልብሱ ነው። የሞዛርት ኬ. 331 ይህን በስድስት ቫርያሲዮን ያሳያል፤ ሦስተኛው በማይነር፣ አምስተኛው አዳጂዮ (በዝግታ)። እግረ መንገዴን፣ ያ ሶናታ ከሦስቱ ሙቭመንቶቹ አንዱም በሶናታ ፎርም አልተጻፈም። «ሶናታ» የሥራው ዓይነት ነው፤ «ሶናታ ፎርም» የአንድ ሙቭመንት አሠራር ነው። ይህ ለፈተና ብቻ ሳይሆን ፕሮግራም ለማንበብም ይጠቅማል።

ኮንቸርቶ ሲሰሙ ኦርኬስትራው መጀመሪያ ብቻውን ብዙዎቹን ዜማዎች አቅርቦ በቶኒክ ይቆያል፤ ወደ ዶሚናንት የሚወስደው ብቸኛው ተጫዋች ከገባ በኋላ ነው። ይህን ካላወቁ ሁለተኛው ዜማ በቶኒክ ሲሰማ ግራ ይጋባሉ። መጨረሻው አካባቢ ኦርኬስትራው አንድ ያልተፈታ ኮርድ ላይ ቆሞ ዝም ይላል፣ ተጫዋቹ ካዴንሳውን (ብቻውን ችሎታውን የሚያሳይበትን ክፍል) ይጀምራል፣ ረጅም ትሪል ሲይዝ ኦርኬስትራው ሊገባ ነው ማለት ነው። የኬ. 545 ባር 25 ትሪልም የዚሁ ቋንቋ ነው፤ አድማጩ ከመድረክ የሚያውቀውን ምልክት ሞዛርት ለጀማሪ ጣቶች አሳጥሮ ሰጠው።

ስለ ሐረግ አሠራር ትንሽ ልጨምር፤ ይህ ከትልቁ ፎርም ጋር አንድ አካል ነውና። የኬ. 331ን ቴማ ይውሰዱ። አራት ባር ይሄድና በግማሽ ካደንስ ይቆማል፤ ያው አራት ባር እንደገና ጀምሮ በሙሉ ካደንስ ይዘጋል። ጥያቄና መልስ። ሌላው መንገድ የቤቶቨን ኦፐስ 2 ቁጥር 1 መክፈቻ ነው፣ በኤፍ ማይነር፦ ሁለት ባር ሐሳብ፣ ሁለት ባር ያንኑ በዶሚናንት፣ ከዚያ አራት ባር ቁርጥራጩን እያጠበበና እያጣደፈ ሄዶ ባር 8 ላይ በግማሽ ካደንስ ይቆማል። የመጀመሪያው ሚዛን ይሰጣል፣ ሁለተኛው ግፊት። በማንኛውም የዘመኑ ሥራ መክፈቻ ላይ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ይጠይቁ። አድማጩ አራትና ስምንት ባር መጠበቅን ስለለመደ ደራሲው ጥቂት ብቻ ቢነካው ይሰማል። የሃይድን 94ኛ ሲምፎኒ ሁለተኛ ሙቭመንት ስምንት ባር በቀስታ፣ እነዚያኑ ስምንት ባሮች ደግሞ ከዚያም ባነሰ ድምፅ ይጫወትና ባር 16 ላይ፣ ሐረጉ ሊዘጋ በሚገባው ትክክለኛ ቦታ፣ መላው ኦርኬስትራ ከቲምፓኒው ጋር ይመታል። ሌላ ባር ላይ ቢሆን ጩኸት ብቻ ይሆን ነበር።

አሁን ወደ ፒያኖዎ እንመለስ። በዚህ ሙቭመንት ላይ የሚበላሸው የመጀመሪያው ነገር ግራ እጅ ነው። ሲ–ጂ–ኢ–ጂ የሚለው አልበርቲ ባስ አራት እኩል ኖታ ይመስላል፤ ሥራው ግን ሁለት ነው፦ የመጀመሪያዋ ኖታ ባስ ናት፣ የቀሩት ሦስቱ መሙያ። እኩል ከመቷቸው፣ በተለይም እየተመላለሰች የምትመጣውን ጂ በአውራ ጣት ከጫኗት፣ የቀኝ እጅ ዜማ ይሰምጣል። እንዲህ ያጥኑት፦ መጀመሪያ ግራ እጅ የየግማሽ ባሩን ባስ ድምፅ ብቻ በግማሽ ኖታ ይያዝ፤ ሲ ሲ፣ ዲ ሲ፣ ሲ ሲ፣ ቢ ሲ። ቀኝ እጅ ዜማውን በላዩ ይጫወት። ከዚያ አራቱን ኖታዎች በአንድነት እንደ ኮርድ ይጫኑ። በመጨረሻ ይበትኑት፣ አውራ ጣት ከቁልፉ ሳይርቅ። ከላይ በጆሮ ተከተሉት ያልኩት ባስም ይኸው ነው።

ፔዳሉን በስኬሎቹ ላይ አይንኩት። የሞዛርት ዘመን ፎርቴፒያኖ አምስት ኦክታቭ ያህል፣ 61 ቁልፍ ነበረው፤ መዶሻዎቹ በቆዳ የተሸፈኑ፣ ድምፁ ፈጥኖ የሚጠፋ፣ የፔዳሉን ሥራ የሚሠራው ማንሻም በእግር መዳፍ ሳይሆን በጉልበት (ጭንና ቅልጥም በሚገናኙበት) የሚገፋ ነበር። የዛሬው ፒያኖ ድምፅ ረጅም ስለሆነ በእጅ ብቻ ሌጋቶ (ድምፆቹን ሳይቆራረጡ ማያያዝ) ይበቃል። ፍጥነቱን የሚወስኑት የመክፈቻው ባሮች ሳይሆኑ የባር 5 ስኬሎች ናቸው፤ መጀመሪያ እነሱን በሜትሮኖም ሩብ ኖታ 60 ላይ እኩል እስኪወጡ ያጥኑ፣ ከዚያ በአራት በአራት ይጨምሩ፣ ባር 1ንም በደረሱበት ፍጥነት ይጀምሩ። ብዙ ተማሪ በ132 ጀምሮ ባር 5 ላይ ወደ 100 የሚወርደው ተራውን ስለሚገለብጥ ነው። በአሮጌ እትሞች ላይ የሚያዩአቸው ረጃጅም የሌጋቶ ቅስቶችና የድምፅ መጠን ምልክቶች ብዙዎቹ አዘጋጆች የጨመሯቸው ናቸው፤ ኡርቴክስት (የደራሲውን ጽሑፍ ብቻ የሚከተል) እትም ካገኙ ከዚያ ይጀምሩ።

የፎርሙ እውቀት ደግሞ እዚህ ነው እጅ ውስጥ የሚገባው። ባር 12 ላይ አያዘግሙ፤ ኮርዱ ጥያቄ ነውና በልኩ ይምቱትና ዕረፍቱን ሙሉ ይስጡት። ባር 26 እና 71 ላይ ትሪሉ በእርግጠኝነት ይውደቅ፣ ከሁሉም ጠንካራው መድረሻ እነሱ ናቸው። ባር 42ን በተቃራኒው በታላቅ መመለሻ ስሜት አይጫወቱት፤ ብዙ ቅጂዎች ላይ ተጫዋቹ እዚያ ሲያዘግምና ሲያጎላ ይሰማል፣ ያኔ አራቱ ተጨማሪ ባሮች ትርጉም ያጣሉ። ዜማው ተመልሷል፣ ኪዩ ገና ነው። ለስለስ አድርገው ይግቡ፣ ከባር 50 አካባቢ ግራ እጅ ስኬሉን ሲረከብ ግፊቱን ይጨምሩ፣ ባር 57ን ልክ እንደ ባር 12 ይምቱት። ኤክስፖዚሽኑን ይድገሙት፤ አድማጩ ከጂ ኮርድ በኋላ ጂ ሜጀርን ሁለት ጊዜ ከሰማ ባር 59 ላይ ሲ ሜጀር ሲመጣ ልዩነቱ በደንብ ይገባዋል። የሁለተኛው ክፍል ድግግሞሽ በጊዜዎ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ለፈተና ወይም ለአጭር ኮንሰርት ሲሆን ብዙዎች ይተዉታል፣ የመጀመሪያውን ግን አይተዉት።